ፍሬንች ሆርን ይዞ በጎጃም እንጀራ መብላት

ባለፈው ጥር ቡሬ ላይ ሠርግ ነበረን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ድረሱ ተባልን፤ ደረስን። ሙሽራው ከቤት የወጣው 6 ሰዓት ላይ ነው። እነዚያን አራት ሰዓታት ሆርኔን፣ ያን ጥምዝ የሚነፋ የናስ መሣሪያ፣ ኮቴ ውስጥ አቅፌ፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ማውዝፒሱን በመዳፌ እያሞቅሁ ቆየሁ። በቀኑ የነፋሁት ሁሉ ቢደመር ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ሙሽራው ደጃፉን ተሻግሮ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ድምፅ አልተሰበረችም። የተከፈለኝ ለእሷ ነው።

በእኛ አማርኛ መጠበቅ ሲባል ተራን መጠበቅም ነው፣ ዕቃን መጠበቅም ነው። የሆርን ነፊ ኑሮ በእነዚህ ሁለቱ ያልፋል። ተራችንን ቆጥረን እንጠብቃለን። ከንፈራችንን፣ ቱቦውን፣ ቀጠሯችንን እንጠብቃለን። እኔ ማርሽ ባንድ ውስጥ ለዓመታት ነፍቼ አሁን ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በግሌ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው መሣሪያውን በእጁ ይዞ «እሺ፣ አሁን እንዴት ልኑርበት?» ለሚል ሰው ነው።

መሣሪያውን ስትገዙ

አዲስ ሆርን ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም። የምንገዛው ያገለገለ ነው። ከተገኘ ድርብ ሆርን ውሰዱ። ድርብ ሆርን ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ የታጠፈ ሁለት ሆርን ነው። የኤፍ ወገኑ ተዘርግቶ ቢለካ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። የቢ ፍላት ወገኑ 2.75 ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገሩት በግራ አውራ ጣታችሁ ነው። ከፍ ያለው ድምፅ በአጭሩ ቱቦ ይቀላል። ዝቅ ያለውና ወፈር ያለው በረጅሙ ያምራል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የመጀመሪያው የሮታሪው፣ ማለትም ቁልፍ ሲጫን የሚዞረው ቫልቭ፣ ጥብቀት ነው። ቁልፉን ሳትጫኑ የአንዱን ቫልቭ ስላይድ፣ ማለትም ተስቦ የሚወጣውን ቱቦ፣ ሳብ አድርጉ። ትንሽ ቆይታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። «ጧ» ካለ አየር አያሾልክም። ድምፅ ከሌለው ሮታሪው ተበልቷል፤ እሱን አዲስ አበባም ሆናችሁ የሚያድስላችሁ ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ በፀሐይ ብርሃን እዩት። ሮዝ መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ካሉ ናሱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ሦስተኛ፣ ስላይዶቹ ሁሉ በእጅ ብቻ መውጣታቸውን አረጋግጡ። ቤሉ፣ ማለትም ሰፊው አፉ፣ ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት። ምክንያቱን መንገድ ላይ ታዩታላችሁ።

ጠዋት፣ ከሁሉ በፊት

ደብረ ማርቆስ ቤት በተከራየሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሣሁና ረጅም ድምፅ መለማመድ ጀመርሁ። አንድ ድምፅ፣ ስምንት ምት። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና። ሦስተኛው ላይ በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ማን አረፈ?» አሉኝ።

የዕድር ጡሩምባ መስሏቸው ነው። ጎረቤትም ከአጥሩ ወዲያ ወጥቶ ቆሟል። ይቅርታ ጠየቅሁ። ያ ቀን እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ሰው ደንግጦ ከመኝታው የሚነሣበትን ድምፅ ሳላስብ አሰምቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ ይኸው ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ረጅም ነጠላ ድምፅ አትንፉ። ለአከራይም ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ንገሩ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 እለማመዳለሁ» በሉ። ቡና ጠርተዋችሁ ከሆነ ደግሞ መሣሪያውን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። እኔ እንዲያ ካደረግሁ በኋላ ጠዋት ሳልነፋ የቀረሁ ቀን «ዛሬ አመመህ እንዴ?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ማሟሟቂያው። በጎጃም ደጋ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ውርጭ አለ። ማውዝፒሱን ከመንፋታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ በመዳፋችሁ ያዙት። ቀዝቃዛ ብረት ከንፈር ላይ ማሳረፍ ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛል።

መሣሪያ ሳትይዙ ተንፍሱ። በአራት ምት አስገቡ፣ በስምንት ምት አውጡ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በቆላ ከተማ የተጻፈ የትንፋሽ ምልክት እዚህ ላይበቃችሁ ይችላል። ኖታው ላይ የራሳችሁን ምልክት በእርሳስ ጨምሩ።

ማውዝፒሱን ሁለት ሲሶውን የላይኛው ከንፈር ላይ፣ አንድ ሲሶውን የታችኛው ላይ አሳርፉ። ለሁለት ደቂቃ ብቻ ንፉበት። ከዚያ መሣሪያው ላይ ግጠሙና ከመሐል «ሶል» ጀምሩ። ዝግ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። የነፋችሁትን ያህል እረፉ። ስምንት ምት ከነፋችሁ ስምንት ምት ዝም በሉ። ከዚያ ሳታቋርጡ ከአንድ ድምፅ ወደ ቀጣዩ በከንፈር ብቻ ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ወደ ላይ የምትወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ወጣቶች ከላይ ይጀምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸው አልታዘዝ ይላል። ከነፋችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ከንፈራችሁ ላይ ቀይ ክብ ካልጠፋ እየተጫናችሁ ነው። ግራ እጃችሁን አላሉት።

ማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ቅኝቶቹን ንፉ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ከሁሉም መነሻ። አንቺ ሆዬ «ዶ»፣ ዝቅ ያለ «ሬ»፣ «ፋ»፣ ዝቅ ያለ «ሶል»፣ «ላ» ነው። ሆርን ላይ ይቺ ዝቅ ያለች «ሶል» አሳሳች ናት። አፍ በቀላሉ ወደ «ፋ» ወይም ወደ ትክክለኛው «ሶል» ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት ሃያ ጊዜ ያልነፋት ሰው ሠርግ ላይ አያገኛትም። የእኛ አገር ሥራ ደግሞ ግማሹ ቅኝት ነው። የአውሮፓ ልምምድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ጎጃም ላይ መሥራት አይቻልም።

ለከንፈር ማታ ቀጭን ቫዝሊን ቀቡ፤ ከመንፋታችሁ በፊት ጥርግ አድርጉት። የሥራ ቀን ምሳችሁ አልጫ ይሁን። በርበሬና ሚጥሚጣ የነካው ከንፈር ይቃጠላል፣ ያብጣል።

ቀኝ እጅ

የፍሬንች ሆርን ልዩነቱ ቀኝ እጅ ቤሉ ውስጥ መግባቱ ነው። ጣቶቻችሁን ግጥም አድርጉና ከምንጭ ውኃ ለመጨለፍ እንደምታደርጉት መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጉ። የጣቶቻችሁ ጀርባ የቤሉን የውጭ ወገን ይንካ። መዳፉን ትንሽ ስትዘጉ ድምፁ ይወርዳል፣ ይለሰልሳል። ስትከፍቱ ይወጣል፣ ይጮኻል። ኖታ ላይ የመደመር ምልክት ካያችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ። ያኔ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ስለሚል በኤፍ ወገን ሆናችሁ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ንፉ።

በዚህ እጅ ብዙ ነገር ታድናላችሁ። አንድ ጊዜ ከማሲንቆ ጋር ስንሠራ ማሲንቆውን ከጉዳይ ሳልቆጥር በመደበኛው እጅ ነፋሁና ዋጥሁት። መዳፌን ሲሶ ያህል ዘጋ አድርጌ፣ በመሐለኛው ድምፅ ስነፋ ሁለቱ ተዋሐዱ። ጭራና ናስ ይዋሐዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባህላዊ ቡድን ሲጠራኝ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

ማርሽ ባንድ ውስጥ

ቋሚ ደሞዝ የምትፈልጉ ከሆነ በሩ የፖሊስና የመከላከያ ማርሽ ባንድ ነው። እዚያ ሆርን ብዙ ጊዜ ዜማ አይይዝም። ቱባው፣ ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው የናስ መሣሪያ፣ «ኡም» ይላል፣ እናንተ «ፓ» ትላላችሁ። ኡም፣ ፓ፣ ኡም፣ ፓ። ቀላል ይመስላል። ሰልፉ እንዳይወድቅ የሚይዘው ግን ይህ «ፓ» ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ስትራመዱ እግራችሁ መሬት ሲረግጥ የቱባው ምት ነው። እግራችሁ ሲነሣ የእናንተ ነው። ጆሯችሁን ከትልቁ ከበሮ አንሡና ቱባው ላይ ጣሉት፤ ከበሮው ከኋላ ሲሆን ዘግይቶ ይደርሳችኋል። ምላሳችሁን ቀለል አድርጋችሁ ንኩ። በየ«ፓ»ው አትተንፍሱ፤ በየአራቱ ወይም በየስምንቱ ባር (ኖታው በመስመር የሚከፈልበት የምቶች ስብስብ) ብቻ።

ሁለት ነገር አዲስ ገቢን ያስደነግጣል። አንደኛ፣ ሰልፍ ላይ ቤሉ ወደ ኋላ ስለሚዞር ብዙ ባንዶች ሜሎፎን የሚባል ሆርን መሰል መሣሪያ ይሰጧችኋል። ሜሎፎን ወደ ፊት ይጮኻል፣ ፒስተኑም በቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እጃችሁን አሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ የድሮ ማርሽ ኖታዎች ለኢ ፍላት ሆርን የተጻፉ ናቸው። በኤፍ ሆርን ስትነፉት እያንዳንዱን ኖታ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ። «ሬ» ተጽፎ ብታዩ «ዶ» ንፉ። ጽፋችሁ አትገልብጡት። ዓይናችሁ በቀጥታ እንዲለምደው በቀን አንድ ገጽ አንብቡ። በሁለት ወር ይገባል።

ከዚያ ዕረፍት መቁጠር ይመጣል። ኦርኬስትራ ውስጥ ከሠራችሁ 40 ባር፣ 60 ባር ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ስትቆጥሩ የባሩን ቁጥር በመጀመሪያው ምት ላይ አድርጉ፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት። በየአሥሩ አንድ ጣት እጠፉ። ከመግባታችሁ አራት ባር ሲቀር ድምፅ ሳታወጡ ትኩስ ትንፋሽ በቱቦው ውስጥ አሳልፉ። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ማታ ደጅ ከሆናችሁ 60 ባር ዝም ብሎ የቆየ ሆርን ዝቅ ብሎ ይገባል። አድማጭ ምክንያቱን አያውቅም። «ሳተ» ብቻ ይላል።

አራት ሆርን ባለበት አንደኛውና ሦስተኛው ከላይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ከታች ይነፋሉ። ሁለተኛ ሆኖ መቀመጥን የሚንቅ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ሁለተኛ ሆኜ የተማርሁትን አንደኛ ሆኜ አልተማርሁትም። ሁለተኛው የአንደኛውን ትንፋሽ ይሰማል፣ አብሮ ይገባል፣ ከሥሩ ይይዘዋል።

ይህን ሥራ እንግዳ አድርጎ የሚያይ ጎጃሜ ሲያጋጥመኝ አንድ ታሪክ አነሣለሁ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ነበሩ። በዚያ ጉዞ ኢየሩሳሌም ላይ የተገኙት 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ መጡና የብራስ ባንድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲደርሱ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። ዮፍታሔ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ ደብረ ኤልያስ የተወለዱ የቅኔ ሰው ናቸው። የጎጃም ቅኔና የብራስ ባንድ ከተገናኙ ብዙ ዘመናቸው ነው።

በግል ስትሠሩ፦ ውልና ቀብድ

ስልክ ሲደወል ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤት ውስጥ ነው ደጅ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ዘፋኝ አለ? ካለ በየትኛው ቅኝት፣ ከየት ተነሥቶ? ፕሮቫ (የጋራ ልምምድ) አለ ወይስ ደርሰን እንነፋለን? ትራንስፖርትና ማደሪያ በማን ነው? ከዚያ ዋጋችሁን በሙሉ ሰዓት ንገሩ። መጠበቂያው ሰዓትም ሥራ ነው። ቡሬ ላይ የቆየሁት አራት ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ግማሹን በቀብድ ተቀበሉ። አንድ የምረቃ አዘጋጅ «ነገ በባንክ እናስገባለን» ብሎኝ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ስድስት ሙዚቀኛ በእኔ አፍ አምኖ መጥቶ ነበር። ለእነሱ ከኪሴ ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ ቀብድ ሳይገባ ሰው አልሰበስብም። ቀብድ መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው ካለ ነውር አይደለም፤ በግ የሚገዛም ድንኳን የሚከራይም ቀብድ ይሰጣል።

ቦታው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ግድግዳ ፈልጉ። ድምፃችን የሚወጣው ወደ ኋላ ነው። ከኋላችሁ ግድግዳ ካለ ተመልሶ ወደ ሰው ይሄዳል። ከኋላችሁ የድንኳን ሸራ ወይም መጋረጃ ካለ ተውጦ ይቀራል። አዘጋጁን «ሁለት ሜትር ወደዚያ እንዛወር» ለማለት አትፈሩ። ከበሮ መቺ በቀጥታ ከኋላችሁ እንዳይቀመጥም ተከላከሉ፤ ምቱ በቤሉ ገብቶ ከንፈር ላይ ያንቀጠቅጣችኋል።

ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያን ከሆኑ በቅጥሩ ውስጥ አትንፉ። ከደጀ ሰላም ውጭ ቆማችሁ ጠብቁ። ማንም ሳይነግራችሁ ማድረግ ያለባችሁ ነገር ነው።

ስለ መብልና መጠጥ ደግሞ። ጎጃም ላይ እንግዳ ሳይበላ አይለቀቅም፤ ጠላውም አረቄውም ይመጣል። «እማማ፣ ከነፋሁ በኋላ እንደ ልቤ እጠጣለሁ፤ አሁን ከንፈሬ ይደክምብኛል» በሉ። በአክብሮት ከተባለ ማንም አይቀየምም። ጉርሻ ከመጣ ተቀበሉ፣ ግን ከመንፋታችሁ በፊት አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። የቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይሻግታል።

መንገድ

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 300 ገደማ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ፤ ከተቻለ ለሥራው አንድ ቀን አስቀድማችሁ ግቡ።

መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ጋሼ፣ ላይ እንጫነው» ይላችኋል። ሆርን ፖርቶመጋላ ላይ አይጫንም። ከእህል ጆንያ ሥር የዋለ ቤል እንደ አሮጌ ሳህን ተጣጥፎ ይወርዳል። ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ ካልሆነ ለእሱም ወንበር ክፈሉ። ቤሉ የሚፈታ ከሆነ ሣጥኑ ትንሽ ስለሚሆን ወንበር ሥር ይገባል። ቅድም የነገርኋችሁ ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ዓባይ በረሃን ትወርዳላችሁ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ብርድ ላይ የተነሣ መሣሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ብርድ። የስላይዱ ቅባት ቀልጦ ይፈሳል። መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ስትደርሱ ሣጥኑን ከፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት የክፍሉን አየር ይልመድ፤ ከዚያ በፊት የቃኛችሁት ቅኝት አይጸናም።

ጥገና

ጎጃም ላይ የሆርን ጠጋኝ የለም ብላችሁ አስቡና ተነሡ። ሣጥናችሁ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ ቀጭን ካቻቢቴ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ የቫልቭ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ናስትሮ፣ ሁለት ትርፍ ብሎን፣ ትርፍ ማውዝፒስና ክር።

የስፌት መኪና ዘይት ለሮታሪው መዞሪያ ጫፎችና ለቁልፎቹ መገጣጠሚያ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ የቫልቭ ዘይት ነው። ቫዝሊን ለስላይድ። የጋራዥ ግራሶ በጭራሽ አይግባ፤ ሮታሪውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከግዢው ፈተና ውጭ ስላይድ ስትስቡ ቁልፉን ተጭናችሁ ሳቡ። ስላይድ አልወጣ ካለ ፒንሳ አታምጡ። እኔ አንድ ጋራዥ ወስጄ በፒንሳ ጠምዝዘው ቱቦውን አጣመሙብኝ። አሁን ቢሆን ኖሮ መጋጠሚያው ላይ ዘይት አንጠባጥቤ አሳድረው ነበር፤ በነጋታው በሞቀ ጨርቅ ጠቅልሎ በዝግታ መሳብ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሥራ ላይ እያላችሁ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥማችሁ ግን የክር መበጠስ ነው። ብዙ ሆርኖች ላይ ቁልፉን ከሮታሪው ጋር የሚያገናኘው ክር ነው። ክሩ ሲበጠስ ቁልፉ ዝም ብሎ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ምረቃ ላይ፣ ሰልፉ ሊገባ 15 ደቂቃ ሲቀር የሁለተኛው ቁልፍ ክር ተበጠሰ። ትርፍ አልያዝሁም። አንድ የባንዱ ልጅ ወደ ጣና ዳር ሮጦ ከዓሣ አጥማጆች አንድ ስንዝር የተገመደ የናይለን ክር ለምኖ አመጣ። ከፋብሪካው ክር ይልቅ ያ ብዙ ቆየልኝ። እስካሁን ባሕር ዳር በሄድሁ ቁጥር እገዛለሁ። ነጠላውና የሚያዳልጠው ክር አይሆንም፤ የተገመደው ነው የሚይዘው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት። አንዱን ቁልፍ ብቻ ፍቱ። የቀሩት እንደ ናሙና ይታዩላችሁ። ክሩን አንድ ስንዝር ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በድርብ ቋጥሩና ክብሪት አስነኩት፤ ቀልጦ እንደ ምስር ፍሬ ይደርቃል። ሌላውን ጫፍ በቁልፉ ክንድ መሐል ባለው ቀዳዳ አሳልፉ፤ ቋጠሮው ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ሮታሪው ሂዱ። ሮታሪው አናት ላይ ማቆሚያ ክንድ አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። ክሩን በክንዱ እምብርት በአንድ ጎን ዙሩና ብሎኗን አንድ ጊዜ ጠምጥሙ። በሌላው ጎን ዙራችሁ ተመለሱ። አሁን ስምንት ቁጥር የመሰለ መልክ ይታያችኋል። ጫፉን በቁልፉ ክንድ ዳር ባለው ቀዳዳ አሳልፉ፣ እዚያ ያለችውን ብሎን ጠምጥሙ፣ ሳብ አድርጋችሁ አጥብቁ።

አሁን የሮታሪዋን ብሎን በትንሹ አላሉ። ቁልፉን ከጎረቤቶቹ ቁልፎች ጋር እኩል ከፍታ ላይ አድርጉና በጣታችሁ ያዙት። ብሎኗን አጥብቁ። ሃያ ጊዜ ተጫኑት። ከላላ እንደገና ሳቡ። የተረፈውን ክር ቁረጡና ጫፉን ክብሪት አስነኩት። እጅ ከለመደው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ድምፁ ያለ ምክንያት ከታፈነ የሮታሪውን ክዳን ፈትታችሁ እዩ። ውስጡ ሁለት የተጫሩ መስመሮች አሉ። ቁልፉ ሲለቀቅና ሲጫን መገጣጠም አለባቸው። ካልተገጣጠሙ ማቆሚያው ላይ ያለው ቡሽ ወይም ጎማ አልቋል። ከወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ በምላጭ እየሞረዳችሁ ተኩት። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ስላይዶቹን አውጥታችሁ ቱቦውን ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። የፈላ ውኃ ቀለሙን ይልጠዋል።

የሥራው ዓመት

ጥር ሠርግ ነው፤ ትንፋሽ አይሰጥም። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ያቆማል። ከትንሣኤ በኋላ ይመለሳል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አለ። ሰኔና ሐምሌ ምረቃ ነው። ክረምቱ ጭር ይላል። ዕቁብ ግቡ፤ ዕጣውን ክረምት ላይ እንድታነሡ ተነጋገሩ። ዕቁብተኛ ሰው ነው፣ ሥራችሁን ካወቀ ይረዳችኋል። በጭርታው ወራት መሣሪያውን አትዝጉበት። በእርጥበት ወር ሳይነካ የከረመ ሮታሪ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ጥገናም፣ ኖታ ማንበብም፣ ማስተማርም የክረምት ሥራ ናቸው።

ማስተማር

ልጅ ስትቀበሉ የፊት ጥርሶቹ በደንብ ወጥተው ያልቁ። ድርብ ሆርን አትስጡት፤ ከባድ ነው። ነጠላ ኤፍ ይበቃዋል። ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት የነፋ ልጅ ትንፋሹን መቆጠብ አስቀድሞ ያውቃል። የጎደለው የከንፈር ንዝረት ብቻ ነው።

አሁን የማስተምረው ልጅ ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ ነው። በመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን ሰጠሁትና እንዳይነፋ ነገርሁት። እኔ ስምንት ባር ነፋሁ፣ እሱ በጭብጨባ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ሳተ። ሦስተኛው ላይ እኔ ሳቆም «አሁን» ብሎ ቀና አለ። ልክ ነበር። ያኔ «ንፋ» አልሁት።